አንቀጽ ያላገኘ ወንጀል፦ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል በኢትዮጵያ ሕግ ታሪክ

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ውስጥ ካሉት ክፍተቶች መካከል ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረውና ብዙ ተጎጂዎችን ያለ ተገቢ ፍትሕ ያስቀረው፣ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ራሱን የቻለ ድንጋጌ ሳያገኝ መቆየቱ ነው። በዓለም አቀፍ ሕግ ይህ ወንጀል በሲቪል ሕዝብ ላይ በስፋት ወይም በተቀነባበረ ሁኔታ በሚካሄድ ጥቃት ውስጥ የሚፈጸመውን ግድያ፣ ማሰቃየት፣ አስገድዶ መድፈር፣ አስገድዶ መሰወር፣ የግፍ እስራትና ማፈናቀል ያጠቃልላል። ከዘር ማጥፋት የሚለየው አጥቂው አንድን ቡድን የማጥፋት ልዩ ሐሳብ እንደነበረው ማረጋገጥ ስለማያስፈልግ ሲሆን፣ ከጦር ወንጀል የሚለየው ደግሞ ጦርነት በሌለበት ጊዜም ሊፈጸም ስለሚችል ነው። መንግሥት በሰላም ጊዜ በገዛ ዜጎቹ ላይ የሚያደርሰውን ግፍ በትክክል የሚገልጸው ድንጋጌ ይህ በመሆኑ፣ የእርሱ መጓደል ያስከተለውን ለመረዳት የሕጉን ጉዞ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ግድያን፣ ድብደባን፣ ስርቆትንና የመሳሰሉትን ተራ ወንጀሎች የሚመለከት እንጂ መንግሥት ወይም ሠራዊት በሕዝብ ላይ ስለሚፈጽመው የጅምላ ጥቃት የሚናገር አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱን ጥቃት የኢትዮጵያ ሕዝብ ያየው ሕጉ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ የፋሺስት ኢጣሊያ ሠራዊት በመርዝ ጋዝ የታገዘ ወረራ ካካሄደ በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ የተሞከረውን የግድያ ሙከራ ተከትሎ የአዲስ አበባን ነዋሪ ለሦስት ቀናት ጨፈጨፈ፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ አድርሶታል። ድል ከተገኘ በኋላ ኢትዮጵያ ወራሪዎቹን ለፍርድ ለማቅረብ ጥረት አደረገች፤ ይሁን እንጂ በለንደን በተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን ውስጥ አባል እንድትሆን አልተጋበዘችም፤ የኮሚሽኑም ትኩረት እ.ኤ.አ. በ1939 በጀመረው ጦርነት ላይ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተፈጸመባት ግፍ በኮሚሽኑ ሥልጣን ሥር መውደቁን ራሷ መከራከር ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል በአንቀጽ 45 ኢጣሊያ የጦር ወንጀለኞችን አሳልፋ እንድትሰጥ ቢያስገድድም፣ ፒየትሮ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉበት በኢትዮጵያ የቀረበው የአሥር ሰዎች ዝርዝር ለክስ የሚያበቃ መነሻ ማስረጃ እንዳለው ኮሚሽኑ ከተቀበለ በኋላ እንኳ፣ አንድም ኢጣሊያዊ በኢትዮጵያ ላይ በፈጸመው ወንጀል ችሎት ፊት አልቆመም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በኢጣሊያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ሲሆን፣ ከፍርዱም ጥቂት ወራትን ብቻ ታስሮ ተለቀቀ፤ በወረራው ዘመን በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ለተገደሉት ግን የጠየቀው አልነበረም።

ይህ የከሸፈ ጥረት፣ ኢትዮጵያ ለዓለም አቀፉ ሕግ ያሳየችውን ትጋት ለመረዳት ይጠቅማል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የተደረገውን ስምምነት ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. ባጸደቀ በሁለት ቀን ውስጥ ኢትዮጵያ የፈረመችው ሲሆን፣ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ስምምነቱን በማጽደቅ ከዓለም አገሮች የመጀመሪያዋ ሆነች። ስምምነቱ ከጥቃት የሚጠብቃቸው ቡድኖች ብሔራዊ፣ የጎሣ፣ የዘርና የሃይማኖት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ የፖለቲካ ቡድኖች በረቂቁ ድርድር ላይ ተነሥተው በብዙ መንግሥታት ተቃውሞ ወድቀዋል። ኢትዮጵያ በራሷ ሕግ የወሰደችው አቋም ግን ከዚህ የራቀ ሆነ።

አዲሱን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንዲያረቁ የተመረጡት ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ስለ ዓለም አቀፍ ወንጀሎች በጥልቀት ያሰቡ ሰው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 በሄግ የዓለም አቀፍ ሕግ አካዳሚ በሰብአዊነት ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች ተከታታይ ትምህርት ሰጥተዋል። ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. የታወጀውና ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕግ በአንቀጽ 281 ዘር ማጥፋትን ሲደነግግ የፖለቲካ ቡድኖችንም ከጥበቃው ውስጥ አስገባ፤ በአንቀጽ 282 ደግሞ በጦርነት ጊዜ በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸሙትን የጦር ወንጀሎች ለየ። የአንቀጽ 281 ርእስ ዘር ማጥፋትንና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸምን ወንጀል ጎን ለጎን ቢጠራም፣ በርእሱ ሥር የተጻፈው ትርጓሜ ግን አንድን ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል የማጥፋት ሐሳብን የሚጠይቀው የዘር ማጥፋት ትርጓሜ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ወንጀል በርእስ ተጠርቶ በይዘት ሳይኖር ቀረ። በዚያን ጊዜ ይህ ጉድለት ማንንም አላሳሰበም፤ ሕጉ ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕግጋት የቀደመ ነበርና። ከዛሬ ሆኖ ሲታይ ግን፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው የሕግ ክርክር ሁሉ መነሻ የሆነው ይኸው በርእስና በይዘት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ ሕጉ ገና ሁለት አሥርት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ ኅዳር 7 ቀን 1967 ዓ.ም. ልዩ የጦር ፍርድ ቤት የሚያቋቁም አዋጅና ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ አዋጅ ቢያወጣም፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት ደርግ ራሱ ባወጣው አዋጅ መሠረት እንኳ ለፍርድ ሳይቀርቡ ተረሸኑ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ተብሎ በተጠራው ዘመቻ ደግሞ፣ በከተማ ነዋሪዎች ቀበሌዎችና ከፍተኛዎች፣ በአብዮት ጥበቃ ጓዶችና በደኅንነት ኃይሎች አማካይነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በተለይም የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) አባላትና ደጋፊዎች ናቸው የተባሉ ወጣቶች ተገደሉ፣ ታሰሩ፣ ተሰቃዩ፣ ደብዛቸው ጠፋ። ግፉ ጦርነት በሌለባቸው ከተሞች ውስጥ፣ በመንግሥት ውሳኔና በመንግሥት መዋቅር፣ በሰፊው የተፈጸመ ነበር፤ በሌላ አነጋገር በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ከሚለው ትርጓሜ ጋር ነጥብ በነጥብ የሚገጣጠም ድርጊት ነበር።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የሽግግር መንግሥቱ ነሐሴ 2 ቀን 1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤትን አቋቋመ። በግርማ ዋቅጅራ የተመራው ጽሕፈት ቤት ሁለት ኃላፊነቶች ተሰጥተውት ነበር፤ አንደኛው ተጠያቂዎቹን መክሰስ፣ ሁለተኛው የግፉን ታሪክ በማስረጃ አስደግፎ ለትውልድ ማስቀመጥ። ደርግ ሥራውን በጽሑፍ የሚያከናውን መንግሥት ስለነበረ፣ የግድያ ትእዛዞችን፣ ቃለ ጉባኤዎችንና ሪፖርቶችን የያዙ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ተሰበሰቡ፤ ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎችም በጅምላ የተቀበሩትን ሟቾች አጽም በማውጣትና ማንነታቸውን በመለየት ረዱ። ሆኖም የአዋጁ ሥልጣን የደርግንና የፓርቲውን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ባለሥልጣናትን፣ የደኅንነት አባላትንና ተባባሪዎቻቸውን ብቻ የሚመለከት በመሆኑ፣ በዚያው ዘመን በሌሎች የታጠቁ ድርጅቶች የተፈጸሙ ግድያዎች ከምርመራው ውጭ ቀሩ፤ በኢትዮጵያ የሚካሄደው የፍትሕ ሂደት በተሸነፈው ወገን ላይ ብቻ ያነጣጥራል የሚለው ትችት መሠረት ያገኘው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ዋናው ክስ መሰማት የጀመረው ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ሲያዘጋጅ ያጋጠመው ጥያቄ ግፉን በየትኛው አንቀጽ ሥር ማስቀመጥ እንደሚገባ ነው፤ ሕጉ በሰብአዊነት ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ይዘት ያለው ድንጋጌ ስላልነበረው፣ የፖለቲካ ቡድኖችን በሚጠብቀው አንቀጽ 281 መሠረት ተከሳሾቹ የፖለቲካ ቡድኖችን በማጥፋት የዘር ማጥፋት ወንጀል ፈጽመዋል ሲል ከሰሰ፤ ከባድ ግድያን፣ ከባድ የአካል ጉዳትንና ሕገወጥ እስራትን የሚመለከቱ አንቀጾችን ደግሞ በተጨማሪና በአማራጭ አቀረበ። የመከላከያ ጠበቆች ወዲያውኑ ተቃወሙ፤ ዓለም አቀፉ ስምምነት የፖለቲካ ቡድኖችን ስለማይጠብቅ አንቀጽ 281 ከስምምነቱ ጋር ይጋጫል፣ ተከሳሾቹም አገር በመምራት ላይ እያሉ ለፈጸሙት ተግባር አይጠየቁም ሲሉ ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ በ1988 ዓ.ም. በሰጠው ብይን ተቃውሞውን ውድቅ አደረገ፤ ስምምነቱ ዝቅተኛውን የጥበቃ ደረጃ የሚያስቀምጥ በመሆኑ አንድ አገር ከዚያ የሰፋ ጥበቃ በሕጉ መስጠት እንደሚችል አስረዳ። ብይኑ በሕግ አመክንዮ የጸና ነው፤ ያም ሆኖ ዐቃቤ ሕጉን ከባድ ሸክም አሸክሞታል። ለእያንዳንዱ ግድያ ገዳዩ ቡድንን የማጥፋት ሐሳብ እንደነበረው፣ ሟቹም የዚያ የፖለቲካ ቡድን አባል ሆኖ መገደሉን ማሳየት ያስፈለገ ሲሆን፣ ከየትኛውም ድርጅት ጋር ግንኙነት ሳይኖራቸው በጥርጣሬ፣ በቂም ወይም በስህተት የተገደሉት ብዙዎች ግን በዚህ መለኪያ ውስጥ በቀላሉ የሚካተቱ አልነበሩም።

ሙግቱ 12 ዓመት ፈጀ። በዋናው መዝገብ ከተከሰሱት 73 ሰዎች 14ቱ ፍርዱን ሳይሰሙ ሞቱ፤ ወደ ዚምባብዌ የኮበለሉትን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ጨምሮ 25ቱ በሌሉበት ተዳኙ። ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በአብላጫ ድምፅ በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲላቸው፣ ከዳኞቹ አንዱ ደርግ በኋላ ያወጣቸው ሕግጋት ለፖለቲካ ቡድኖች የተሰጠውን ጥበቃ ሽረውታል፣ ስለዚህ ጥፋተኝነቱ ከዘር ማጥፋት ውጭ ባሉት አንቀጾች ሊሆን ይገባል ሲሉ የልዩነት ሐሳባቸውን አሰፈሩ። ጥር 3 ቀን የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በይግባኝ ወደ ሞት ቅጣት ከፍ አደረገው። በ2003 ዓ.ም. በእስር ላይ የነበሩት ከፍተኛ ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያም አብዛኞቹ በአመክሮ፣ ማለትም የቅጣታቸው የተወሰነ ክፍል ከተፈጸመ በኋላ በመልካም ጠባይ ምክንያት ከእስር ወጡ። በአፍሪካ ምድር፣ በአገሩ ዳኞችና በአገሩ ሕግ የቀድሞ መንግሥት መሪዎች ለጅምላ ግፍ የተጠየቁበት እንዲህ ያለ ሰፊ ሂደት ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ስለዚህ በጉድለቱ ብቻ ሊመዘን አይገባውም።

ያው ግፍ በውጭ አገር ፍርድ ቤቶችም ታይቷል፤ የሕጉን ክፍተት ከሁሉ ይልቅ የሚያጎላውም ይህ ንጽጽር ነው። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ሆቴል ውስጥ ሲሠራ ከተጎጂዎቹ አንዷ ካገኘችው በኋላ፣ ሦስት ኢትዮጵያውያት በፍትሐ ብሔር ከሰውት እ.ኤ.አ. በ1993 የአትላንታው ፌዴራል ፍርድ ቤት ለማሰቃየቱ በኃላፊነት ጠይቆት ካሣ እንዲከፍል ፈረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በሌለበት የተፈረደበትን የዕድሜ ልክ እስራት እንዲፈጽም ተደረገ። በኔዘርላንድስ ይኖር የነበረው እሸቱ ዓለሙ ደግሞ በጎጃም የደርግ ተወካይ ሆኖ ባገለገለበት ጊዜ ለተፈጸመው ግፍ፣ በተለይም በደብረ ማርቆስ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለተገደሉት 75 እስረኞች፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በሄግ ወረዳ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2022 ፍርዱን አጸና። የሄግ ዳኞች ድርጊቱን የፈረጁት ዘር ማጥፋት ብለው ሳይሆን በደርግና በተቃዋሚዎቹ መካከል በነበረው የትጥቅ ግጭት ውስጥ የተፈጸመ የጦር ወንጀል ብለው ነው። አንዱ የቀይ ሽብር ግፍ በአዲስ አበባ የዘር ማጥፋት፣ በአትላንታ ማሰቃየት፣ በሄግ የጦር ወንጀል ተብሎ ተዳኘ፤ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ብሎ የፈረደበት ግን ከሦስቱ አንድም አልነበረም።

የደርግ ሙግት በመካሄድ ላይ ሳለ በሥራ ላይ የዋለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክፍተቱን ለመዝጋት የሚያስችል በር ከፍቶ ነበር። አንቀጽ 28 ኢትዮጵያ ባጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችና በሌሎች የኢትዮጵያ ሕጎች በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ተብለው የተወሰኑ ወንጀሎች፣ እንደ ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ አስገድዶ መሰወርና ማሰቃየት ያሉት፣ በይርጋ እንደማይታገዱና በምሕረት ወይም በይቅርታ እንደማይታለፉ ይደነግጋል፤ ይርጋ ማለት የተወሰነ ዘመን ካለፈ ክስ ማቅረብ የሚከለክለው ደንብ ነው። ድንጋጌው ጠንካራ ቢሆንም ወንጀሉን ራሱ አይተረጉምም፤ ትርጓሜውን ለስምምነቶችና ለሌሎች ሕጎች ይተዋል። በሌላ በኩል አንቀጽ 22 ማንም ሰው ድርጊቱ ሲፈጸም ወንጀል ባልነበረ ተግባር ጥፋተኛ ሊባል እንደማይችል ያስቀምጣል። ሕገ መንግሥቱ ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ፣ ሕግ አውጪው ወንጀሉን ፈጥኖ በወንጀል ሕግ ውስጥ ይተረጉመዋል የሚል ተስፋ ነበረ ማለት ይቻላል።

ተስፋው ግን በአዋጅ ቁጥር 414/1996 በወጣውና ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ አልተፈጸመም። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መመሥረቻ የሮም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1998 ጸድቆ በ2002 በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በአንቀጽ 7 በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በዝርዝር ተርጉሟል። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል አልሆነችም፤ አለመሆኗ ግን የአንቀጽ 7ን ይዘት በራሷ ሕግ ከመጻፍ የሚያግዳት አልነበረም። አዲሱ ሕግ ዘር ማጥፋትን በአንቀጽ 269፣ በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸሙትን የጦር ወንጀሎች በአንቀጽ 270 ሲደነግግ፣ የፖለቲካ ቡድኖችን ከዘር ማጥፋት ጥበቃ ሳያወጣ ብሔርና ብሔረሰብን ጨመረበት፤ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ግን እንደገና ያለ አንቀጽ ተወው። ኢትዮጵያ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1986 ዓ.ም. ብትቀበልም፣ ማሰቃየት ራሱን የቻለ ወንጀል አልሆነም፤ አንቀጽ 424 ተጠርጣሪን ወይም እስረኛን ተገቢ ባልሆነ መንገድ የሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛን ሲቀጣ፣ በተራው ሁኔታ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ፣ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት፣ ትእዛዙን ለሰጠ ባለሥልጣን ደግሞ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይወስናል። የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያን ሪፖርት ሲመረምር ይህንኑ ጉድለት አንሥቷል። አስገድዶ መሰወርም ቢሆን፣ ሕገ መንግሥቱ በስም እየጠራው፣ በወንጀል ሕጉ ውስጥ ራሱን የቻለ ወንጀል አልሆነም።

የዚህ አለመመጣጠን ዋጋ ወዲያው ታየ። የ1997 ዓ.ም. ምርጫን ተከትሎ የተነሣውን ግጭት ለማጣራት የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ሲደርስበት፣ ለግድያዎቹ በመንግሥት በኩል የተከሰሰ ከፍተኛ ባለሥልጣን አልነበረም፤ ይልቁንም የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ከሌሎች ክሶች ጋር በዘር ማጥፋት ሙከራ ተከሰሱ፤ ይህን ክስ ፍርድ ቤቱ በ1999 ዓ.ም. ውድቅ አደረገው። በዓለም ከባድ ከሚባሉት ወንጀሎች አንዱ በተፎካካሪ ላይ እንደ መሣሪያ ሲቀርብ፣ መንግሥት በሰልፈኞች ላይ የወሰደውን የኃይል እርምጃ በጥቅሉ የሚመረምር አንቀጽ ግን በሕጉ ውስጥ አለመኖሩ፣ የክፍተቱን ሁለት ገጽታ በአንድ ጊዜ አሳይቷል።

በ2010 ዓ.ም. በመጣው ለውጥ መንግሥት በእስር ቤቶች ውስጥ ማሰቃየት ይፈጸም እንደነበረ በይፋ አመነ። የምሕረት አሰጣጥን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1096/2010 ወጣ፤ የእርቀ ሰላም ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 ተቋቋመ፤ ከደኅንነትና ከፖሊስ ኃላፊዎች መካከልም ጥቂቶቹ ታሠሩ። ይሁን እንጂ ማሰቃየት የሚል አንቀጽ ስላልነበረ ክሶቹ በአብዛኛው የተመሠረቱት ሥልጣንን አላግባብ በመገልገልና በመሰል ድንጋጌዎች ላይ ነበር። ጥፍሩ የተነቀለ ወይም በእስር ቤት አካሉ የጎደለ ሰው ደረሰበት የሚባለውን በደል የሥልጣን ብልሹነት ብሎ መጥራት ተጎጂውን ከነግፉ ያሳንሰዋል፤ ሕጉ ለዐቃቤ ሕጉ የሰጠው አማራጭ ግን ያን ያህል ጠባብ ነበር። የእርቀ ሰላም ኮሚሽኑም ጉልህ ውጤት ሳያሳይ ፈረሰ፤ ቦታውን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ያዘ።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የጀመረውና ወደ አማራና ወደ አፋር ክልሎች የተስፋፋው ጦርነት ክርክሩን ከመጻሕፍት ወደ መቃብር ቦታዎች አወረደው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በጥምር ያካሄዱትን ምርመራ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ ሲያደርጉ፣ ሁሉም ተዋጊ ወገኖች የፈጸሟቸው አንዳንድ ጥሰቶች የጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚያሳምን ምክንያት መኖሩን ገለጹ። የአገሪቱ የራሷ ተቋም ይህን መደምደሚያ ሲደርስበት፣ የአገሪቱ ዐቃቤ ሕግ በዚያ ስም ክስ የሚመሠርትበት አንቀጽ አልነበረውም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የወጣው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መግለጫ በወታደራዊ ፍርድ ቤት 28 ወታደሮች በግድያ፣ 25 ደግሞ በወሲባዊ ጥቃት በመከሰስ ላይ መሆናቸውን፣ አራት ወታደሮችም ጥፋተኛ መባላቸውን አስታውቆ ነበር፤ ክሶቹ ግን ግለሰብ ወታደር በግል ያደረገውን ተራ ወንጀል አድርገው የሚመለከቱ ስለነበሩ፣ ጥቃቱ በዕቅድና በትእዛዝ ተፈጽሞ ከሆነ ይህን ማሳየት አይችሉም ነበር። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ሴትን ብቻ፣ ከጋብቻ ውጭ በሆነ ግንኙነት ብቻ ስለሚመለከት፣ በወንዶችና በሌሎች ላይ የተፈጸመው የጦርነት ጊዜ ወሲባዊ ጥቃት በዚያ አንቀጽ ሥር ሙሉ ሽፋን አያገኝም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት በአንቀጽ 10 መንግሥት ተጠያቂነትን፣ እውነትን ማውጣትን፣ ተጎጂዎችን መካስንና እርቅን የሚያጣምር የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲያወጣ አስገደደ፤ የሽግግር ፍትሕ ማለት ከግጭትና ከአምባገነንነት የወጣ ማኅበረሰብ ያለፈውን ግፍ የሚመረምርበትና የሚዳኝበት የእርምጃዎች ጥምረት ነው። የፍትሕ ሚኒስቴር የፖሊሲ አማራጮችን ለሕዝብ አቀረበ፤ የባለሙያዎች ቡድንም በየክልሉ ከተጎጂዎችና ከማኅበረሰብ ተወካዮች ጋር ተወያየ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው ፖሊሲ ልዩ ፍርድ ቤት፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን እንዲቋቋሙ፣ በከፍተኛ ደረጃ ተጠያቂ የሆኑትም በልዩ ፍርድ ቤቱ እንዲዳኙ ወሰነ።

ከዚያ በኋላ የተነሡት የሕግ ክርክሮች ሁሉ፣ በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ፣ ወደ 1949ኙ ሕግ የርእስና የይዘት መለያየት ይመለሳሉ። ወንጀሉ በአዲስ ሕግ ከተተረጎመ፣ ትርጓሜው ከመውጣቱ በፊት ለተፈጸመ ድርጊት ይሠራል ወይ? አንቀጽ 22ን በጥብቅ የሚያነቡት፣ በአገር ውስጥ ሕግ ያልተደነገገ ወንጀል ወደ ኋላ ተመልሶ አይከሰስም ይላሉ። በተቃራኒው የሚከራከሩት፣ ወንጀሉ ከኑረምበርግ ችሎት ጀምሮ በዓለም አቀፍ ልማዳዊ ሕግ፣ ማለትም መንግሥታት ግዴታቸው ነው ብለው በተከታታይ በሚከተሉት አሠራር የታወቀ መሆኑን፣ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 15 በአጠቃላይ የሕግ መርሖች ወንጀል የነበረን ድርጊት መክሰስን እንደሚፈቅድ ያስታውሳሉ።

በዚህ ረገድ የሴኔጋል ልምድ ትምህርት ይሰጣል። ሴኔጋል የቻድን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ሂሴን ሐብሬን ለመዳኘት ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2007 የወንጀል ሕጓን አሻሽላ እነዚህን ወንጀሎች አስገባች፤ በ2008 ደግሞ ክሱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ሕገ መንግሥቷን አሻሻለች። የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ይህ አካሄድ የሕጋዊነትን መርሕ ሊጥስ እንደሚችል፣ ዓለም አቀፍ ባሕርይ ባለው ልዩ ችሎት ግን መዳኘት እንደሚቻል ገለጸ። በዚህም መሠረት ከአፍሪካ ኅብረት ጋር በተደረገ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 በዳካር ልዩ የአፍሪካ ችሎቶች ተቋቋሙ፤ ሐብሬም ግንቦት 30 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል፣ በጦር ወንጀልና በማሰቃየት ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። የኢትዮጵያ ሕግ አርቃቂዎች የውጭ ዳኞችን ለማሳተፍ ፍላጎት ባይኖራቸው እንኳ፣ የሴኔጋል ጉዳይ የሕጋዊነት ጥያቄ ሳይመለስ የሚጀመር ችሎት የመጀመሪያው የመከላከያ ጠበቃ ሲነሣ እንደሚናወጥ በግልጽ ያሳያል።

ሌላው ዋና ጥያቄ የአዛዥ ኃላፊነት ነው። በዓለም አቀፍ ሕግ አንድ አዛዥ ወይም የበላይ ኃላፊ በሥሩ ያሉት ወንጀል እየፈጸሙ መሆናቸውን እያወቀ ካልከለከለ ወይም ካልቀጣ፣ ትእዛዝ ባይሰጥም ይጠየቃል፤ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግን ትእዛዝ የሰጠውን እንጂ ዝም ያለውን በዚህ መልኩ አይጠይቅም። በደርግ ጊዜ ትእዛዙ በወረቀት ላይ ተገኝቶ ስለነበር ይህ ጉድለት ብዙም አልታየም፤ በዛሬዎቹ ጦርነቶች ግን ትእዛዝ በሬዲዮና በስልክ ይተላለፋል፣ ወይም ሳይነገር ይታለፋል። 

በዓለም መድረክም ሥራው አላለቀም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን የሚመለከት ረቂቅ ስምምነት አጠናቋል፤ ጠቅላላ ጉባኤውም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 2024 ስምምነቱን ለማጽደቅ የሚያበቃ የድርድር ጉባኤ በ2028 እና በ2029 እንዲካሄድ ወስኗል። የኢትዮጵያ ሕግ አውጪ ግን ያንን ጉባኤ መጠበቅ አይገባውም። ትርጓሜው በተለየ አዋጅ ሆኖ፣ ከልዩ ፍርድ ቤቱ ማቋቋሚያ ሕግ በፊት ወይም ቢያንስ ከእርሱ ጋር ሊወጣ ይገባል። በመግቢያው ድርጊቶቹ አዋጁ ከመውጣቱ በፊትም በዓለም አቀፍ ልማዳዊ ሕግ የተከለከሉ እንደነበሩ ሊያስረግጥ፣ ማሰቃየትንና አስገድዶ መሰወርን በስማቸው ሊጠራ፣ የአዛዥ ኃላፊነትን ሊያካትት ይገባል። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ለተፈጸሙ ድርጊቶች የሚወሰነው ቅጣትም ድርጊቱ ሲፈጸም በሥራ ላይ የነበረው ሕግ ለግድያ፣ ለአካል ጉዳትና ለመሰል ወንጀሎች ከደነገገው ጣሪያ እንዳያልፍ ከተደረገ፣ ተከሳሹ ባልታወቀ ቅጣት አይቀጣም፤ ተጎጂውም የደረሰበት በደል በትክክለኛው ስሙ ተጠርቶ ይፈረድለታል።